በርሊን ልማር ልመጣ ነው፤ መጀመሪያ የቱን ልያዝ?

የኮተቤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ፓስፖርቴ ትናንት ከነቪዛው እጄ ገባ። ከደስታዬ ብዛት እስከ መገናኛ በእግሬ ነው የሄድኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄው ሁሉ የሚመጣው ሌሊት ነው።

በጥቅምት በርሊን ማስተርስ እጀምራለሁ፤ የውሃ ምህንድስና። ለቪዛ የሚጠየቀውን፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚለቀቀውን ዝግ አካውንት የሞላችልኝ ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ናት፤ 11,904 ዩሮ። ከዚህ በኋላ እሷን ሌላ ሳንቲም መጠየቅ ያሳፍረኛል። የተማሪ መኖሪያ አመልክቼ ተራ ጠብቂ ተብያለሁ። የምደርሰው ቅዳሜ ማታ ነው። እዚያ የማውቀው አንድም ሰው የለም።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ዝርዝር ማለቂያ የለውም፤ ሁሉም «በጣም አስፈላጊ» ይላል። እኔ የምፈልገው ኖሮበት ያየ ሰው ነው። መጀመሪያ የቱን ልያዝ? ስንት ዩሮ በእጄ ልያዝ? ደግሞ አንድ ሰውዬ ጥሩ ክፍል አለኝ ብሎኛል። ውጭ አገር ስለሆነ ቁልፉን በፖስታ ሊልክልኝ ነው፤ የሁለት ወር ቅድሚያ ላኪ ይላል። ፎቶው ያምራል፤ ኪራዩም ርካሽ ነው። እናቴ ደግሞ ይህን እየጻፍኩ ሦስት ኪሎ ቅቤ እያነጠረችልኝ ነው። ምን ልበላት?

ቬዲንግ ሰፈር

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ከሰውዬው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። አምስት ሳንቲም እንዳትልኪለት። እኔ ከስድስት ዓመት በፊት ስመጣም ይኸው ሰውዬ «ውጭ አገር» ነበር፤ ቁልፉን በፖስታ ሊልክልኝ። እስካሁን አልተመለሰም ማለት ነው። ያኔ ለንደን የሚሠራ ሐኪም ነኝ ነበር ያለኝ፤ አንቺን ምን ብሎሽ ይሆን? ክፍሉን በዓይንሽ ሳታዪ ወይም የምታምኚው ሰው ሳያይልሽ ገንዘብ ከኪስሽ አይወጣም። በቃ።

እውነተኛ አከራይ ስታገኚ ካውትሲዮን የሚሉት መያዣ ይጠይቅሻል። በሕጉ ከሦስት ወር ጥሬ ኪራይ አይበልጥም። በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈልም የተከራይ መብት ነው፤ ብዙ አከራይ ይህን አይነግርሽም። ጥሬ ያልኩት «ካልት» የሚሉትን ነው፤ ማሞቂያና ውሃ ያልገባበት። «ቫርም» ከተባለ እነሱ ገብተዋል። መብራትና ኢንተርኔት ግን ለየብቻ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከአገር ቤት ለሚመጡ ልጆች ሁሉ እስኪሰለቻቸው የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ስምሽ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጠፍ። ሻንጣሽን ከመፍታትሽ በፊት።

ይስቃሉ። እኔም ስቄ ነበር። እዚህ አድራሻ ላይ የቤት ቁጥር የሚባል የለም። የመንገዱ ስምና የሕንፃው ቁጥር አለ፤ ከዚያ በኋላ ፖስተኛው ሃያ ሠላሳ ሳጥን ፊት ቆሞ ስም ማንበብ ነው። ስምሽን ካጣው ደብዳቤውን ይዞ ይሄዳል። የባንክ ካርድሽ በፖስታ ነው የሚመጣው። የካርዱ የሚስጥር ቁጥርም እንዲሁ፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ፖስታ። የጤና መድን ካርድሽ፣ የግብር ቁጥርሽ፣ ሁሉም በፖስታ። እኔ ጀርመንን የኮምፒውተር አገር አድርጌ ነበር የማስባት። የወረቀት አገር ናት።

የመጀመሪያ ክፍሌን ያገኘሁት ቬዲንግ ነው። በጓሮ በኩል ያለ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ደግ ነበር፤ ገና ከመግባቴ ስሜን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ላይ ለጠፈልኝ። የእኔን ስም ብቻ። ባንኩ፣ መድኑ፣ መንግሥቱ በሙሉ ደግሞ የሚጽፉት ለአያቴ ነው። ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተቀመጠው የአያቴ ስም ነዋ! ፖስተኛው አያቴን ይፈልጋል፤ አያቴ ሳጥኑ ላይ የለም። ካርዱ ሄዶ ተመለሰ። የሚስጥር ቁጥሩም ሄዶ ተመለሰ። እኔ በየቀኑ አራት ፎቅ ወርጄ ባዶ ሳጥን እከፍታለሁ። የፒዛ ማስታወቂያ ብቻ ነው ያለው። አምስት ሳምንት ሙሉ አገር ቤት አብሮኝ ከተማረ ልጅ እየተበደርኩ ኖርኩ።

መጨረሻ ላይ ነገሩ የገባት ምድር ቤት ያለችው አሮጊት ናት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝታኝ የአያቴን ስም ሰባብራ ጠራችና «አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ። ፖስተኛው እሷን ሲጠይቃት ከርሟል። ያኔውኑ ወጥቼ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። አያቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሲያርስ የኖረ፣ አዲስ አበባን እንኳን ሁለት ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ዛሬ ስሙ በርሊን በር ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት። «ደርሷል በለኛ» አለኝ።

ስለዚህ በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳትቀይሪ። ሳጥኑም ላይ፣ የበሩ ደወልም ላይ።

ቀጥሎ አንሜልዱንግ ነው፤ አድራሻ ማስመዝገብ። ቤት በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ ነው የሚለው ሕጉ። ለዚህ አከራይሽ «አዎ፣ እዚህ ትኖራለች» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት አለ፤ ስሙ ቮኑንግስጌበርቤሽቴቲጉንግ ይባላል። ቃሉን ለመጥራት አንድ ሴሚስተር ፈጀብኝ። ክፍል ስትፈልጊ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይህ ይሁን፤ «አድራሻ ማስመዝገብ ይቻላል?» አይቻልም ካሉሽ ክፍሉ የፈለገ ቢያምር ላንቺ አይሆንም። አንዳንዱ ማስታወቂያ ራሱ አይቻልም ይላል። ከባንክ እስከ መኖሪያ ፈቃድ የሚቀጥለው ሁሉ የተመዘገብሽበትን ወረቀት ነው የሚጠይቅሽ።

ቀጠሮው በኢንተርኔት ነው የሚያዘው፤ ቡርገርአምት በሚሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤት። የራስሽን ወረዳ አትጠብቂ። በርሊን 12 ወረዳ አላት፤ በየትኛውም መመዝገብ ትችያለሽ። ሰፈሬ ቀጠሮ አልነበረም፤ እኔ እስከ ኮፔኒክ ሄጄ ነው የተመዘገብኩት፤ ባቡሩ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ጠዋት በማለዳ ገጹን እየደጋገምሽ ክፈቺ፤ የተሰረዘ ቀጠሮ ብቅ ይላል። በ14 ቀን ውስጥ የሚውል ቀጠሮ ካጣሽ አትደንግጪ፤ የያዝሽበትን ማረጋገጫ አስቀምጪ።

ሰዓቱን በተመለከተ፤ 8፡12 ካለ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከ12 ነው። የምስቅብሽ እንዳይመስልሽ። አገር ቤት የለመደ ጭንቅላት በድካም ሰዓት ይሳሳታል። 12ቱ ደቂቃም ለጌጥ የተጻፈች አይደለችም።

ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። እዚህ ላይ ቆም በይ። በዚህ አገር የካቶሊክና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናት አባል ሆኖ የተመዘገበ ሰው ደሞዝ ሲያገኝ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጥበታል። በርሊን ላይ ከገቢ ግብሩ 9 በመቶ ነው። አንድ ጴንጤ ጓደኛዬ በቅንነት ወንጌላዊ ነኝ ብሎ ሞላ። ሥራ ሲጀምር የደሞዝ ወረቀቱ ላይ የማያውቀው ቅናሽ መጣ። እሱ አስራቱን የሚሰጠው ለራሱ ቸርች ነው፤ ሁለቴ ከፈለ። ምን እንደምትሞይ ቀድመሽ አስቢበት። ባዶ መተው እምነት መካድ አይደለም።

ገንዘብ። ዝግ አካውንቱ በየወሩ 992 ዩሮ ነው የሚለቅልሽ፤ ያውም እዚህ መጥተሽ መደበኛ የባንክ ሒሳብ ከፍተሽ ካሳወቅሽ በኋላ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር በእጅሽ ባለው ነው የሚያልፈው። እኔ 700 ይዤ መጥቼ አለቀስኩ። መያዣውን ሳይጨምር 1,500 ብትይዢ ትተነፍሻለሽ። አክስትሽን መጠየቅ እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከባዕድ ከመበደር ግን ዛሬ እሷን መንገር ይሻላል።

ቅዳሜ ማታ መድረስሽ ትንሽ ነገር አይደለም። እሑድ እዚህ ሱቅ ዝግ ነው። ሱፐርማርኬቱ፣ ልብስ ቤቱ፣ ሁሉም። ዋናው ባቡር ጣቢያ ሃውፕትባንሆፍ ውስጥ ግን እሑድም የሚከፍት ሱፐርማርኬት አለ። ከአየር ማረፊያው ወደዚያ የሚወስድ ፈጣን ባቡር አለ። ትኬቱ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደማለት በሦስት ዞን የተከፈለ ነው፤ አየር ማረፊያው ሦስተኛው ዞን ላይ ስላለ የሦስቱንም ነው የምትገዢው። የወረቀት ትኬት ከሆነ ደግሞ መግዛት ብቻ አይበቃም። መድረኩ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከትተሽ ማህተም ታስመቻለሽ። እኔ ትኬቴን በደረት ኪሴ አጣጥፌ፣ ኩሩ ሆኜ ተቀመጥኩ። ጂንስ የለበሰ ወጣት መጥቶ መታወቂያ አወጣ። 60 ዩሮ። ገዝቻለሁ ብዬ ብምል ማን ሊሰማኝ።

የቪዛሽን ማብቂያ ቀን አሁኑኑ ስልክሽ ላይ አስገቢ። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው ከዚያ ቀን በፊት መግባት አለበት። የውጭ ዜጎች ቢሮው ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ይችላል። ባመለከትሽበት ቀን የሚመጣልሽን ማረጋገጫ አትመሽ ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢ።

የቅቤውን ነገር ለሴቶቹ ልተወው። እኔ አላውቅበትም።

የድሮ ተማሪ

ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር ረዳሽ። እኔ የመጣሁት በ1979 ዓ.ም. ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ በምሥራቅ በኩል። መጀመሪያ ላይፕሲግ አስገብተው ቋንቋ አስተማሩን፤ ከዚያ ነው ወደየትምህርታችን የበተኑን። ያኔ ክፍሉም፣ ኮቱም የመንግሥት ነበር። እናንተ ዛሬ ሁሉን ለብቻችሁ ነው የምትጋፈጡት፤ ሳያችሁ አንጀቴን ትበሉኛላችሁ።

ቅቤውን ለእናትሽ ተይላት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅቤው፣ አይቡ፣ ቋንጣው፣ ሁሉም። ካገኙት እዚያው ፊትሽ ቆሻሻ ውስጥ ይከቱታል። የእናት እጅ ያነጠረው ቅቤ እንዲያ ሲጣል ማየት ደግሞ ሌላ ነው። እኔ አይቻለሁ፤ ልጅቷ ቅቤው የሞተባት ይመስል ነበር።

ይልቅ እናትሽን እንዲህ በያት፤ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን ደረቁን ትቋጥርልሽ። የዚህ አገር ቅቤ መጥፎ አይደለም። 250 ግራም የሆነውን፣ ጨው የሌለበትን አራት ገዝተሽ በለስላሳ እሳት አንጥሪው። ቅመሙ የእናትሽ ከሆነ ጎረቤት ያለው ሐበሻ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ ያዢ። በደንብ ይታሸግ፤ በርበሬ ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ ያንን ክረምት በሙሉ ሹራብሽ ያስነጥስሻል።

እንጀራ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ራሴ እጋግራለሁ ካልሽ ሊጡ በኅዳር ብርድ አይቦካም። ማሞቂያው አጠገብ፣ ፎጣ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፤ ሦስት ቀን ታገሺው።

ቡናሽ ተቆልቶ ይምጣ። መኝታ ክፍልና መተላለፊያው ላይ የጢስ ማስጠንቀቂያ በሕግ የተሰቀለ ነው። አምና አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ በተማሪ መኖሪያ ውስጥ ለልደቷ ቡና ልቁላ አለች። ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ቄጤማ ስላጣች አረንጓዴ የስጦታ ወረቀት ቆራርጣ በትናለች፣ ዕጣኑም ተለኩሷል። ቡናው «ቋ» ማለት ሲጀምር ጣሪያው ላይ ያለው ነጭ ነገር ጮኸ። የፎቁ ተማሪ በሙሉ በፒጃማ ግቢ ወጣ። እሷ ማንከሽከሻውን እንደያዘች ነው የወጣችው። ደግነቱ የግቢው ዘበኛ የሚገባው ሰው ነበር፤ መስኮት ከፍቶ አጠፋላት። እሳት አደጋ ቢመጣ ኖሮ ሒሳቡ የሷ ነበር። ማስጠንቀቂያውን በፌስታል የሚሸፍኑ ልጆች አሉ፤ እንዳታደርጊው። ሰው ተኝቶ ነው የሚሞተው።

ሌላው፣ ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ የለም። ሙዚቃም፣ ስልክም፣ የጓዳ ወቀጣም። ኮት እዚህ ሲመጡ ነው የሚገዛው፤ ከመርካቶ የሚመጣው ለዚህ ብርድ አይሆንም። ብርዱንስ ትለምጂዋለሽ። የሚከብደው ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ይመሻል። ያን ጊዜ ክፍልሽ ውስጥ አትቀመጪ፤ ፀሐይ ባትኖርም ቀን ቀን ውጪ። ቋንቋውንም ዛሬውኑ ጀምሪ። በእንግሊዝኛ ነው የምማረው እንዳትዪኝ። ዳቦ ቤቷ በእንግሊዝኛ አትማርም።

ቀዝቃዛ ቡና

ቬዲንግ ሰፈር ጥሩ ብሏል፤ የጤና መድኑን ግን በአንድ ቃል አለፈው። እኔ ደግሞ የተጎዳሁት እዚያ ላይ ነው።

ዕድሜሽ ከ30 በታች ከሆነ የመንግሥታዊው መድን የተማሪ ዋጋ ይመለከትሻል፤ ቴካ፣ አኦካ፣ ባርመር የሚባሉት ሁሉ። ዋጋቸው በጣም አይራራቅም፤ በወር 150 ዩሮ ገደማ አስቢ። ርካሽ የግል መድን በስልክ የሚሸጥልሽ ሰው ይመጣል። ከመንግሥታዊው ነፃ ልሁን ብለሽ አንዴ ከፈረምሽ ትምህርትሽን እስክትጨርሺ መመለስ የለም። ርካሽነቱን ጥርስሽን የታመምሽ ቀን ታዪዋለሽ። እኔ ለማስተርስ የመጣሁት በ32 ዓመቴ ስለሆነ የተማሪ ዋጋው አልደረሰኝም። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በጀቴን የሠራሁት በሌላ ቁጥር ነበር። ከ30 ያለፋችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለቪዛ የገዛሽው የጉዞ መድን ለመመዝገቢያ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው መድን ድርጅቱ በኤሌክትሮኒክ የሚልክለትን ማረጋገጫ ነው። ያንን አገር ቤት ሆነሽም ማስጀመር ትችያለሽ፤ ኢሜይል ጻፊላቸው።

ሥራን ማንም አላነሳም። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ረዳት ሆነሽ የምትሠሪው ከዚህ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ፕሮፌሰሮችሽን ቶሎ ተዋወቂ። ዝቅተኛው ክፍያ ከጥር 2026 ጀምሮ በሰዓት 13.90 ነው። ከዚያ በታች በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፣ ያገርሽ ልጅም ቢሆን፣ እንቢ በይው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን ባትሠሪ እመክራለሁ። እኔ ሌሊት ዕቃ ስጭን እያደርኩ ጠዋት ክፍል ውስጥ አንኮራፋሁ፤ ሁለት ፈተና ወደቅሁ።

የትምህርት ሰዓት ላይ ሲ እና ቲ የሚሉ ሁለት ፊደላት ካየሽ ደግሞ ክፍሉ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። የነሱ የሐበሻ ቀጠሮ ናት። ልዩነቱ 15 ደቂቃዋ 16 አትሆንም።

የኮተቤዋ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ሰውዬውን ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት ምንድን ነው ሥራህ ብለው ሐኪም ነኝ፣ ለንደን አለኝ! ስቄ ልሞት።

ዕድሜዬ 24 ነው፤ መድኑ ይሆነኛል ማለት ነው። እናቴ የቅቤውን ስትሰማ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «እነሱ ቅቤ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችና ኮሰረት ልትገዛ ወጣች።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። የአያቴ ስም ፓስፖርቴ ላይ በአንድ «ኤስ» ነው፤ ዲግሪዬ ላይ በሁለት። የልደት ሰርተፊኬቴ ደግሞ ቀኑ በኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ ሲቀየር ከፓስፖርቱ በሦስት ቀን ይለያል። ይህ ችግር ያመጣል?

ቬዲንግ ሰፈር

ያመጣል፤ ግን አዲስ አበባ እያለሽ ቀላል ነው። እዚህ ከመጣሽ በኋላ ያው ወረቀት በሰው በሰው ሁለት ወር ይፈጃል። ከተማርሽበት ሬጅስትራር ሂጂና «ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው» የሚል ማህተም ያለበት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አስጽፊ። ልደቱንም እንዲሁ፣ ከሰጠሽ ወሳኝ ኩነት አስተካክዪ። እዚህ ያለ ሠራተኛ ጳጉሜን አያውቅም፤ ብታስረጂውም ፊቱ አይለወጥም። ፓስፖርቱ ነው ንጉሡ፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይምሰል።

ዋናዎቹ ወረቀቶች ደግሞ በእጅ ቦርሳሽ፤ ከሻንጣው ጋር እንዳይሄዱ። የእኔ ሻንጣ ከኔ አራት ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው።

የመጀመሪያ ሳምንታት ሆስቴል ከሆንሽ በብዙዎቹ አድራሻ ማስመዝገብ አይቻልም። ስለዚህ የሆስቴሉ ጊዜ ቤት መፈለጊያ ይሁን። በቀን አሥር መልእክት ላኪ፤ አንዱ ይመልሳል። መልእክቱ ላይ ምን እንደምትማሪ፣ ምን እንደምታበስዪ ጻፊ። «ክፍሉ አለ ወይ?» ብቻ የሚል መልእክት ማንም አያነብም። እኔ «ቅመም ያለው ወጥ እሠራለሁ» ብዬ ነው ያገኘሁት። ያኔ እንቁላል መጥበስ እንኳን አልችልም ነበር።

የድሮ ተማሪ

ጠርሙስ እንዳትጥዪ ማለት ረስቼ። ፕላስቲኩም ቆርቆሮውም 25 ሳንቲም አለው፤ የቢራው 8። ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ያለ ማሽን ይቀበልሻል፤ ወረቀት ያወጣል፣ ያንን ካሸሯ ትመነዝርልሻለች። ቆራሌው ማሽን ሆኖ ቆሟል በይው። 

የኮተቤዋ

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ደርሻለሁ! እሑዱን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሙዝና ዳቦ በልቼ አለፍኩት። ትኬቴን ሁለቴ ላስመታው ስል አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። ሊሽተንበርግ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል አገኘሁ፤ አንዷ ፖላንዳዊት ናት፣ አንዷ እዚሁ ያደገች። ስለ ሽሮ ጻፍኩ፤ ቬዲንግ ሰፈር፣ ሠርቷል። ሽሮውንም እችላለሁ።

ሳጥኑ ላይ የአያቴን ስም ለጠፍኩ፤ በአንድ «ኤስ»። አሥራ አንድ ፊደል ነው፤ ወረቀቷ ጠባብ ስለሆነች መጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ተጨናንቀዋል። ትናንት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሜ በደስታ ቀደድኩት። «የተከበሩ» ብሎ ለአያቴ ይጀምርና በወር 18.36 ዩሮ ይክፈሉ ይላል፤ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን። ቴሌቪዥን የለኝም! ይህ ደግሞ ምንድን ነው?

ቬዲንግ ሰፈር

አያትሽ እንኳን ደህና ገቡ! አድራሻ ስትመዘገቢ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ሰብሳቢዎቹ ወዲያው ያውቃሉ፤ የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ሁሌ እሷ ናት። ቴሌቪዥን ኖረሽ አልኖረሽ አይጠይቁም። ግን የሚከፈለው በቤት ነው እንጂ በሰው አይደለም። ሁለቱን ልጆች ጠይቂያቸው፤ አንዷ በእርግጥ እየከፈለች ነው። የሷን የክፍያ ቁጥር ወስደሽ ደብዳቤው ላይ ያለው ገጽ ላይ ገብተሽ «እዚህ ቤት ተከፍሏል» ብለሽ ሙይ። ከዚያ ድርሻሽን ለልጅቷ በእጅ ትሰጫታለሽ፤ ለሦስት 6.12 ይደርሳችኋል። ደብዳቤውን ግን እንዳትጥዪው። ዝም ካልሽ የሚቀጥለው ከቅጣት ጋር ነው የሚመጣው፤ ለአያትሽ።